መናገሻ ለመሆን ታጭታ የነበረችው አዲስ ዓለም

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ገበያ ሲሉ ሰንብተው እሑድ ሲደርስ ልጆችዎ «ዛሬስ የት እንሂድ?» ይሉዎት ይሆናል። መልሱ ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ቡራዩን፣ መናገሻንና ሆለታን አልፈው፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ አዲስ ዓለምን ያገኛሉ።

የዚህች ትንሽ ከተማ ታሪክ የሚጀምረው ከምድጃ ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቆርጦ ተመናመነ። በዚያ ዘመን ደግሞ ማገዶ ያለቀበት የንጉሥ ከተማ ነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ መሄዱ የተለመደ ነበር። ስለዚህ ዳግማዊ ምኒልክ በ1892 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ደን ወዳለበት ወደዚህ አገር ለማዛወር አስበው፣ ስሙንም አዲስ ዓለም ብለው፣ በኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ።

ሐሳቡ ግን ሳይፈጸም ቀረ። በአዲስ አበባ ብዙ ቤት ተሠርቶ፣ የውጭ አገር መልእክተኞችም ተደላድለው ነበር። ከአውስትራሊያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍም ፈጥኖ የሚያድግ፣ ቢቆረጥም ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ የከተማይቱን የማገዶ ችግር እያቃለለ ሄደ። የተጀመረው ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከዚያ ሲደርሱ ቤተ ክርስቲያኑን ከነቤተ መዘክሩ ለልጆችዎ ያሳዩ። ለመግባት ጫማ ማውለቅ ደንብ ነውና በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያድርጉ፤ ነጠላዎንም አይርሱ። አገሩ ደጋ ስለሆነ ለሕፃናቱ ሹራብ ይያዙ። ቆሎ፣ ዳቦና የሚጠጣ ውሃ ከቤት ቢሰንቁ ወጪ ይቀንስልዎታል።

ሲመለሱ ባሕር ዛፉን በመስኮት እያሳዩ አንድ ነገር ለልጆችዎ ይንገሩ። ዋና ከተማችን ከቦታዋ ሳትነቀል የኖረችው በዚህ ዛፍ ነው ይባላል። ዛፉ ግን በራሱ ከምድጃ አልደረሰም። ከእንጦጦ ቁልቁለት ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ለብዙ ዘመን ሲወርዱ የኖሩት እናቶች ናቸው ያደረሱት። የምኒልክን ቤተ መንግሥት ያየ ልጅ የእነዚህን እናቶች ድካምም ሊያውቅ ይገባዋል። ያን ጊዜ፣ ከቤት ሲገቡ፣ ምድጃውን ለማንደድ ከእርስዎ ቀድሞ ይነሣ ይሆናል።