ወርቁ ቀረ፤ ስሙ አለፈ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እኔ ግን የወጣውን ስም የሚያጸናው ማን ነው እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ይኸንም አሳብ ያነሣሣብኝ የአንዲት የወርቅ ገንዘብ ታሪክ ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ኮንጎ ከቤልጅግ አገዛዝ ነጻ በወጣች በ11 ቀኗ፣ ሞይዝ ቾምቤ የመዳብ ማዕድን የሞላባትን ካታንጋን ራስዋን የቻለች መንግሥት ናት ብሎ አወጀ። በ1961 ዓ.ም. ካታንጋ ባለ 5 ፍራንክ የወርቅ ገንዘብ አሠራች። ከ1000 እጅ 900 እጁ ጥሩ ወርቅ ነው። በአንድ ፊቷ ሙዝ፣ በሁለተኛው መስቀል ተቀርጾባታል። ለገበያ የሚሆነው ያው 5 ፍራንክ ከነሐስ ተሠርቶ ስለ ነበር፣ ወርቂቱ ለክብርና ለመታሰቢያ ነበረች።

ይሁን እንጂ ከዓለም መንግሥታት አንድ ስንኳ ካታንጋን በይፋ አላወቃትም። በ1963 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከኢትዮጵያ የዘመቱ ወታደሮችም በነበሩበት በተባበሩት መንግሥታት ጦር ኃይል ያ መንግሥት ፈረሰ። መታሰቢያው ከሚታሰበው ይልቅ ዕድሜ አገኘ። ዛሬ ያችን ገንዘብ ውድ የሚያደርጋት ወርቅነቷና የሰብሳቢዎች ፍላጎት ነው እንጂ፣ ያሠራት መንግሥት ቃል አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ መስቀሉ ነው። የሃይማኖት ምልክት አይደለም፤ የዚያ አገር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ መዳብ አቅልጠው በመስቀል መልክ እያፈሰሱ ይገበያዩበት ነበርና ነው። ያ መዳብ አንዳች ጽሕፈት ሳይኖርበት ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር፤ ሻጩም ገዢውም አምነውታልና። እንግዲህ ተራው መዳብ በአመኔታ ገንዘብ ሲሆን፣ ክቡሩ ወርቅ አመኔታ አጥቶ ጌጥ ሆነ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ያልታወቀ ሁሉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። እውነትም ሳትታወቅ ብዙ ዘመን ትቈያለች። ነገር ግን መታወቅን በወርቅ ጽፎ ማፋጠን አይቻልም። ከሥራው አስቀድሞ ማዕረጉን የሚያስጽፍ፣ ሳይረዳ ረዳሁ ብሎ የሚያስነግር ሰው የካታንጋን ወርቅ ይመስላል፤ ያብለጨልጫል፣ ግን የሚቀበለው የለም። አንተ ቃልህን ጠብቅ፤ የተበደርኸውን መልስ፤ የጀመርኸውን ፈጽም። ያን ጊዜ ስምህ በምንም ላይ ባይቀረጽ እንኳ፣ እንደዚያ መዳብ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል፤ የሚመልሰውም አይገኝም።