ባሮ ዳር የተማርነው

እኛ የደጋ ልጆች ነን። አንዳንዶቻችን ከደብረ ብርሃን፣ አንዳንዶቻችን ከጎንደር፣ ሌሎቻችንም ከአዲስ አበባ ነን። ለከፍተኛ ትምህርት የደረሰን ጋምቤላ ነው። ምደባው ሲነገር ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ደነገጠ። «ኧረ ሙቀቱ! ኧረ ወባው! ኧረ አዞው!» ያላለን የለም። እንዲህ ካሉን መካከል ብዙዎቹ ጋምቤላን በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

እኛ ግን አየናት። ትምህርት በማይኖርበት ቀን በእግር፣ በመኪናና በታንኳ ዞርንባት። ያየነውንና ከአገሩ ሰው የተማርነውን ለአንባቢዎች እናካፍላለን።

ቁልቁለቱ

ከአዲስ አበባ እስከ ጋምቤላ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጅማ በኩል የሚሄድ ሰው በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ ያልፋል። እስከዚያ ድረስ አገሩ ደጋና ወይና ደጋ ነው። ቡናው፣ ደኑና ጭጋጉ አይለይም። ከጎሬ በኋላ ግን ቁልቁለት ይጀምራል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ይወርዳል። ጎሬ ላይ ሹራብ የለበሰ ሰው ጋምቤላ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። የጋምቤላ ከተማ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰው 1,000 ሜትር ሲወርድ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ ከጎሬ ጋምቤላ የሚወርድ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ 9 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨመርበታል ማለት ነው።

በሙቀት አገር መራመድ

ደጋ ላይ ቀኑን ሙሉ መራመድ ለምደናል። እዚህ ግን የሚያራምደው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ሰዓት ማወቅም ነው። የአገሩ ሰው ጎሕ ሲቀድ ይወጣል። ፀሐይ ሳትበረታ ሥራውን ያጋምሳል። በቀትር ጥላ ይይዛል። ማታ ሲበርድ እንደገና ይነሣል። ይህን ያላወቀ መንገደኛ «ቆላ ሰው ይተኛል» ይላል። ነገሩ ግን ስንፍና አይደለም። የአየሩን ጠባይ አውቆ መሥራት ነው።

እኛም ልማዱን ያዝን። ለጉዞ ከንጋቱ 11 ሰዓት እንነሣለን። የተጣራ ውሃ በብዛት እንይዛለን። ከመጠማታችን በፊት ጠጣ ጠጣ እናደርጋለን። ረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን ዛፍ ሥር እናርፋለን። ሲመሽ እጅጌው ረጅም ልብስ እንለብሳለን። ሌሊት አጎበር ውስጥ እንተኛለን። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ በአብዛኛው የምትናደፈው በምሽትና በሌሊት ነውና። ትኩሳት የተሰማው ጓደኛ ካለ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን። ወባ ቀን ከተሰጠው ይገድላል፤ ቶሎ ከታከመ ግን ይድናል።

ባሮ ወንዝ

ጋምቤላ ያለ ባሮ አትታሰብም። ባሮ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የሚወርዱት የጌባና የብርብር ወንዞች ተገናኝተው የሚፈጥሩት ወንዝ ነው። አኙዋኮች ኦፔኖ ይሉታል። ወደ ምዕራብ ፈስሶ ከፒቦር ወንዝ ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል። ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል።

ሌሎቹ ትልልቅ ወንዞቻችን ገደል ለገደል ስለሚሄዱ ለመርከብ አይመቹም። ባሮ ግን ጋምቤላ ሲደርስ ሜዳ ያገኛል። በክረምት ሲሞላ መርከብ ይችላል። ስለዚህ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በግንቦት 1894 ዓ.ም. ሲዋዋሉ፣ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ጋምቤላ ወደብ ሆነች። ከደጋው ቡና በበቅሎ ይወርዳል። ከካርቱም ጨውና ጨርቅ በመርከብ ይመጣል። መርከቦቹ የሚመላለሱት ወንዙ በሚሞላበት ወራት ብቻ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ የጣቢያው ዘመን አበቃ። ዛሬ ወንዙ ላይ የምናየው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ታንኳ ነው።

አንድ ቀን በእንዲህ ያለ ታንኳ ተሳፈርን። ታንኳው ጠባብ ነው። ሰው ወዲያና ወዲህ ካለ ይገለበጣል። ቀዛፊው ወጣት ቆሞ ይቀዝፋል፤ እኛ ቁጭ ብለን እንንቀጠቀጣለን። «አትፍሩ፤ ግን አትነሡ» አለን። ይህች አጭር ምክር ሙሉ የመንገድ ትምህርት ናት።

አዞ ቤቱን ይቀያይራል

በበጋ ወንዙ ይጎድላል። በመካከሉ የአሸዋ ደሴት ይወጣል። ሙቀቱ ሲበረታ ውሃው ሰውን ይጠራል። እኛም መዋኘት አማረን። ከመግባታችን በፊት ግን መረብ የሚጠግኑ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ዘንድ ሄድን።

«አባባ፣ እዚህ መዋኘት ይቻላል?» አልናቸው።

ሰውየው ወንዙን ትኩር ብለው አዩት።

«ትናንት ይቻል ነበር» አሉ። «ዛሬ አላውቅም። አዞ ቤቱን ይቀያይራል።»

ከዚያ አስቀምጠው አስተማሩን። አዞ ችኩል አይደለም፤ ይጠብቃል። በየቀኑ አንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ውሃ የሚወርድን ሰው ያጠናል። ሲመሻሽና ሲነጋጋ ይበልጥ ያሠጋል። ውሃው ሲደፈርስ እሱ ያየናል፤ እኛ አናየውም። ለሰው መቀመጫ ያማረ አሸዋ ለአዞም ፀሐይ መሞቂያ ያምረዋል። እንግዲህ ሰው ወንዝ ሲወርድ ብቻውን አይሁን፤ ቦታም ሰዓትም ይለዋውጥ፤ ከዳር አይራቅ።

ይህ የሽማግሌ ተረት እንዳይመስላችሁ። በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. አንድ ወጣት አሜሪካዊ ከጓደኞቹ ጋር ጋምቤላን ሊጎበኝ መጣ። የሰላም ጓድ በሚባለው ድርጅት አማካይነት በኢትዮጵያ ያገለግል ነበር። የተማረ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። የአገሩ ሰዎች በወንዙ ውስጥ አዞ እንዳለ ለእንግዶቹ ነገሩ። እንግዶቹ ግን ገቡ። ሌሎቹ ተመለሱ፤ እሱ ውሃው ውስጥ ቆሞ ቀረ። አዞው ወሰደው። በማግሥቱ አዞው በጥይት ተገደለ። ይህ ግን ልጁን አላዳነውም።

ያ ወጣት የጎደለው ትምህርት አልነበረም። ድፍረትም አልጎደለውም። የጎደለው የአገሩን ሰው ቃል እንደ ዕውቀት መቁጠር ነው።

አዛውንቱን ካመሰገንን በኋላ በባልዲ ውሃ ቀድተን ከዳር ታጠብን። በዚያው ሰዓት ሴቶችና ልጆች ጄሪካን ይዘው ወደ ወንዙ ይወርዱ ነበር። ይህ ነገር አሳሰበን። እኛ ብንፈልግ እንዋኛለን፤ ባንፈልግ እንተዋለን። ውሃ ከወንዝ የሚቀዳ ሰው ግን ፈራም አልፈራም በየቀኑ ይወርዳል። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ በሽታ ብቻ ሳይሆን አዞም እንደሚከለክል ያን ቀን ገባን።

ደለል፣ ከብትና ጭስ

ሌላ ጊዜ ወንዙን ተከትለን ወደ ኢታንግ አቅጣጫ ተጓዝን። በመንገዳችን የአኙዋክ ገበሬዎችን የወንዝ ዳር እርሻ አየን። ክረምት ባሮ ይሞላና ዳርቻውን ያለብሰዋል። ሲጎድል ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል። ደለል ማለት ውሃ ያመጣው ለም አፈር ነው። ገበሬው በርጥበቱ ላይ በቆሎ ይዘራል። ዝናብ በሌለበት ወራት ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። አፈሩ ከየት መጣ? ከደጋው ነው። ደጋ የጣለውን ቆላ ያነሣል።

ኑዌሮች ደግሞ ኑሯቸው በከብት ነው። በክረምት ሜዳው በውሃ ሲጥለቀለቅ ከፍ ወዳለ ቦታ ይሰፍራሉ። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ከብቱን ወደ ወንዝ ዳር ያወርዳሉ። ማታ ኩበት ያጨሳሉ። ጭሱ ትንኝን ከሰውም ከከብትም ያርቃል። እኛም ጭሱ አጠገብ ተቀምጠን ወተት ቀረበልን። «ማሌ» ብለን ሰላምታ ስናቀርብ ልጆቹ ሁሉ ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ከጎናችን አልጠፉም። በሰው ቋንቋ አንድ ቃል ማወቅ የአንድ ቤት በር ይከፍታል።

ሜዳውና ደኑ

የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ነጭ ጆሮ ኮብ የሚባለው የቆርኬ ዘመድ በዚህ ይገኛል። ወንዱ ሲጎለምስ ሰውነቱ ይጠቁራል፤ ጆሮው ግን ነጭ ነው። ይህ እንስሳ በብዙ መቶ ሺ ሆኖ ሣርና ውሃ ፍለጋ በደቡብ ሱዳንና በጋምቤላ መካከል ይመላለሳል። ድንበር አያውቅም። እኛ ከጥበቃ ሠራተኛ ጋር ሄደን ያየነው አንድ መንጋ ነው። እሱም ቢሆን ሜዳውን እንዳለ ያንቀሳቀሰው መሰለን። ነገር ግን ሕገ ወጥ አደንና የእርሻ መስፋፋት መንገዱን እያጠበቡበት ነው። መንገዱ የተዘጋ መንጋ ሌላ አገር የለውም።

ጋምቤላ ሁሉ ሜዳ ነው የሚል ሰው ማጃንግን አላየም። ወደ ምሥራቅ ወጣ ሲሉ ምድሩ ከፍ ይላል፤ ደኑ ፀሐይ ይጋርዳል። ይህ ደን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። የማጃንግ ሰዎች ቀፎ ከግንድ ፈልፍለው ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ። ማር ለመቁረጥ በሐረግ እየተንጠላጠሉ ይወጣሉ። እኛ አንገታችንን ቀና አድርገን ስናይ እንኳ ዞረብን። አንዱን ማር ቆራጭ «ዛፉ ቢቆረጥስ?» ብለን ጠየቅነው። «ንቡ የት ያድራል? እኔስ ምን እበላለሁ?» ብሎ መለሰልን።

ለመንገደኛ

ጋምቤላ ውስጥ አኙዋክ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ ይኖራሉ። ከሌላ አካባቢ የመጣም ብዙ ነው። ግጭት የደረሰበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ከከተማ ከመውጣታችን በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እንጠይቃለን። የአካባቢውን አስተዳደር እናስታውቃለን። መንገድ የሚያውቅ የአገሩን ሰው ይዘን እንሄዳለን። የድካሙንም እንከፍላለን። ፎቶ ከማንሣታችን በፊት እናስፈቅዳለን።

ተማሪ ሆኖ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ወጣት ብዙ ጊዜ «ላስተምር» ብሎ ይነሣል። መልካም ነው። ነገር ግን ወንዙን የሚያነብ ዓሣ አጥማጅ፣ ሰማዩን የሚያነብ እረኛ፣ ዛፉን የሚያነብ ማር ቆራጭ በየመንደሩ አለ። ፊደል የቆጠረም ያልቆጠረም በዚህ ይማራል። ጠይቆ የገባ በሰላም ይወጣል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የጋምቤላ ከተማ ከጎሬ ይልቅ ለምን ይሞቃል?
2. አዛውንቱ «አዞ ቤቱን ይቀያይራል» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?
3. በእናንተ አካባቢ እንግዳ ሰው ሳይጠይቅ ሊገባበት የማይገባ ቦታ አለ? ለምን?
4. በመንደራችሁ ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? ከየት? ምን ሥጋት አለበት?