ባሌስትራ ይቀየር ወይስ ይጠገን? በመካነ ሰላም መንገድና በአሜሪካ ጋራዥ

ባሌስትራ ተደራርበው የታሰሩ የጎበጡ ብረቶች ናቸው። ከደሴ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚገባው ቅጥቅጥ አይሱዙ ከፊትም ከኋላም የተቀመጠው በባሌስትራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ የወጣው ፎርድ ሙስታንግ ደግሞ ፊቱ ሞላ፣ ኋላው ባሌስትራ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አሮጌ ሙስታንግ ገዝቶ ኋላው ዝቅ ያለበት አበሻና የመካነ ሰላሙ ሹፌር የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይቀየር ወይስ ይጠገን?

የተኛ ባሌስትራ የሚያጣው ቁመቱን ነው። ጭነት ሲያርፍበት የሚረግበው መጠን ግን አዲስ ሳለ ከነበረው ብዙም አይለይም። ስለዚህ መኪናው ጉድጓድ ባለፈ ቁጥር ደጋግሞ የሚዘል ከሆነ ብዙውን ጊዜ የደከመው ሾክ አብዞርበሩ ነው። የመኪናውን ማዕዘን ተጭኖ መልቀቅ ይህን ይለያል፤ አንዴ ተነስቶ ካልረጋና መወዛወዙን ከቀጠለ፣ ለባሌስትራ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሾክ አብዞርበሩን መቀየር ይቀድማል።

ቀጥሎ መለካት ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቆምና ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ይለካል፤ ግራው ከቀኙ ጋር ይተያያል። ልኩ የሚነሳው ከእምብርቱ ስለሆነ የጎማ ንፋስ ማነስ አያሳስትም። ከዚያ ባሌስትራው በሽቦ ብሩሽና በነጭ ጋዝ ይታጠባል። ስንጥቅ በብዛት የሚገኘው የመሃሉ ቡሎን በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያና ዋናው ብረት ቦኮላውን ለማቀፍ በሚጠቀለልበት ጫፍ ላይ ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ሆኖ ይታያል። ይህ ከታየ ማመንታት አያስፈልግም፤ ብረቱ መውጣት አለበት።

ባሌስትራን የሚገድለው ነገር ግን እንደ አገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በብረቶቹ መካከል እየገባ ዝገት ያስይዛል፤ ዝገቱ የበላው ትንሽ ጉድጓድም የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። መካነ ሰላም ባለችበት ቦረና ወረዳ ጨው የሚበተንበት መንገድ የለም። እዚያ የሚገድለው ጭነትና ጉድጓድ ነው፤ ወንበሩ ሞልቶ፣ ጣራው ላይ ኩንታል ተደርድሮ፣ ከደጋው ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል መውረድ።

ጥገናውም እንዲሁ ይለያያል። አሜሪካ የእጅ ዋጋ ውድ ስለሆነ ባሌስትራው ብዙውን ጊዜ ተፈትቶ በአዲስ ይተካል፤ ያውም ግራና ቀኝ በአንድ ላይ። አገር ቤት ውድ የሚሆነው ዕቃው ነው። የተሰበረው ብረት ብቻ ወጥቶ ያገለገለ ይገባበታል፤ የተኛው ተፈትቶ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይጎብጣል፤ አለዚያም አንድ ብረት ይጨመርለታል። ሳይሞቅ የተቀጠቀጠ ብረት ለጊዜው ያገለግላል። የተጨመረው ብረት የሚጠቅመው ሁልጊዜ ለሚጫን መኪና ነው፤ ባዶውን ሲሄድ ግን ንዝረቱ በቀጥታ ሻንሲው ላይ ያርፋል።

መቅረት ያለበት ብረቱን በእሳት አቅልቶ ማጎበጥ ነው። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ ግሎ በዘይት ከቀዘቀዘ በኋላ በልክ እንደገና ሲሞቅ ነው። ከዚያ ወዲህ በከሰል ከቀላና በራሱ ከበረደ ይለሰልሳል፣ ወዲያው ይተኛል፤ ውሃ ከተደፋበት ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ሰው ጭኖ ገደል ዳር ለሚያልፍ ቅጥቅጥ ይህን መግጠም በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

የውጭው ልማድም ችግር አለበት። አንዳንድ የሙስታንግ ባለቤት ሳይለካ፣ ሳያጥብ፣ ጠንካራና ዝቅ የሚያደርግ ባሌስትራ ያዝዛል። ስንጥቅ ከሌለ፣ ቁመቱ ብዙ ካልወረደና ግራና ቀኙ ከተስተካከለ ሾክ አብዞርበሩንና ቦኮላውን አድሶ የፋብሪካውን ባሌስትራ ማቆየት ይሻላል። መቀየር ግድ ከሆነ ሁለቱም ጎን በአንድ ጊዜ፣ በፋብሪካው ቁመት ይቀየራል።

የወጣው አሮጌ ብረት አሜሪካ ውስጥ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢ ይሄዳል። አገር ቤት ቀጥቃጭ ይገዛዋል፤ ባሌስትራን የሚያበላሸው እሳት እዚህ ቦታው ነው። ወናፉ ይነፋል፣ ብረቱ ይቀላል፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ማረሻና ማጭድ ይወጣዋል።