ዘንባባ በሞጣ መስኮት

በ2009 ዓ.ም. የሆሣዕና ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቼ የዓባይን በረሃ ተሻገርኩና ከደጀን ወደ ቢቸና ታጠፍኩ። እናቴ የምትኖረው ሞጣ ቢሆንም ታላቅ እህቴን ቢቸና ላይ ሳላይ ማለፍ አይታሰብም፤ ኩርፊያዋ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ይዘልቃል።

ቢቸናን ብዙ ሰው የሚያውቃት በጤፏ ነው። እኔን ያን ቀን የገረመኝ ግን የእታለም ሳሎን ነበር። የጭቃው ግድግዳ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የተለመደው ዳንቴል አለ። መጋረጃው አበባ የሌለው ነጣ ያለ ጨርቅ ሲሆን፣ ወገቡ ላይ በሰፊ ማሰሪያ ተይዟል። ማሰሪያው ላይ ዘንባባ፣ የኮባ ቅጠልና ቀይ ወፍ ታትሞበታል።

«የባሕር ዳርቻ ሆቴል አስመሰልሽው እኮ! እዚህ ደጋ ላይ ዘንባባ?» ብዬ ሳቅሁባት። ቢቸናም ሞጣም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ማታ ማታ ጋቢ ያስፈልጋል።

«የተቀመጥሽበት ሰሌን ከምን የተሠራ መሰለሽ? ነገ የምትበይው ድፎስ በምን ተጠቅልሎ ነው የሚጋገረው?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ማሰሪያዎቹን የሰፋችው ከጠረጴዛ ልብስ ትራፊ ነው። ጨርቁን 60 ሳንቲ ሜትር በ20 ትቆርጠዋለች፤ በርዝመቱ አጥፋ በግልባጩ ትሰፋውና ትገለብጠዋለች፤ ጫፍና ጫፉ ላይ የመጋረጃ ቀለበት ታደርግበታለች። ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር በቃ። መጋረጃው ራሱ አበባ ከበዛበት ግን ማሰሪያው ባለ አንድ ቀለም ይሁን ትላለች፤ እኔም እስማማለሁ፣ ሁለቱም ካጌጡ ቤቱ ይጨናነቃል። ደግሞ ዘንጉም ሚስማሩም ከመስኮቱ ጠርዝ አንድ ስንዝር ያህል ወጣ ይበሉ። የጭቃ ቤት መስኮት ትንሽ ስለሆነ የተሰበሰበው ጨርቅ ብርሃኑን ይሻማዋል።

ስሸኛት (እሷ ናት የሸኘችኝ እንጂ!) አንድ ፌስታል አስያዘችኝ። «ለእማዬም ሰፍቻለሁ፤ ያንቺን መጋረጃ አንድ በይው» አለች። ነገሩ አልገባኝም።

በማግስቱ በደብረ ወርቅ አልፌ ሞጣ ስደርስ ገባኝ። እማዬ ደጃፉ ላይ ነፋስ እየመታት ትፈትላለች። ዓምና ከመርካቶ ገዝቼ የላክሁላት ወፍራም ቀይ መጋረጃ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል፤ ቤቱ በጠራራ ፀሐይ ጨልሟል። ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እንዝርቷን ይዛ ደጅ ስትወጣ ስትገባ ከርማለች።

«ለምን አትሰበስቢውም?» አልኳት።

«ልጄ የላከችልኝን ላጨማድደው?»

የመጀመሪያው ሚስማር የግድግዳውን ጭቃ ይዞ ወረደ። ሁለተኛውን እንጨቱን ፈልጌ መታሁት፤ ያዘ። መጋረጃው ሲታሰር ብርሃኑ እስከ መደቡ ድረስ ገባ። እማዬ ማሰሪያው ላይ ያለችውን ወፍ በጣቷ ዳበሰቻት። «ይቺ ደግሞ ምን የምትባል ናት?»

«በቀቀን ትመስለኛለች።»

«እሷማ ባታይ ይሻላታል፤ ብርዱ ይገድላት ነበር» አለችና እንዝርቷን አንስታ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

እሑድ እማዬ ከሞጣ ጊዮርጊስ ቀድማኝ ተመልሳ ነበር። እኔ ስገባ የእታለም ማሰሪያዎች የሉም፤ መጋረጃው ግን እንደ ታሰረ ነው። አጠገቡ ሄጄ ሳየው፣ ከቤተ ክርስቲያን ባመጣችው ዘንባባ ጠፍራዋለች። ማሰሪያዎቹን ሙዳዩ ውስጥ አገኘኋቸው፤ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ለፋሲካ ናቸው፤ እንዳይቆሽሹ ብዬ ነው» አለችኝ።