ከዋግ ምድር ለወላጆቼ

ሰቆጣ፣ ዋግ ኽምራ

ለተከበሩ አባቴና ለተወደዱ እናቴ፤

በፈቃደ እግዚአብሔርና በእናንተ ጸሎት፣ ለጥቂት ወራት ሥራ ወደ ተመደብኩባት ወደ ሰቆጣ በሰላም መድረሴን አስታውቃለሁ።

ከላሊበላ ተነሥተን ብልባላን ካለፍን በኋላ መንገዱ በተራራው ወገብ እየተጠማዘዘ፣ አንዱን ገደል ሲጨርስ ሌላውን እየጀመረ ይጓዛል። የዘመናት ጎርፍ አፈሩን አጥቦ ወደ ተከዜ ስለ ወሰደው ዐለቱ በየቦታው ገጥጦ ይታያል፤ ሆኖም በዚያው ዐለት መካከል ገበሬው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድሮ ያቆመውን እርከን፣ በእርከኑም ጀርባ የቀረችውን ጠባብ እርሻ ለተመለከተ ሰው፣ ትዕግሥተ ኢዮብ ምን እንደሆነ ይገለጥለታል።

አባቴ ሆይ፣ የዋግ ስም በእኛ ዘንድ የሚነሣው ከ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጋር ብቻ ስለሆነ፣ የአገሩን ክብር ልጽፍልዎ ወደድኩ። ይህ በገበያው ኽምጣና ከአማርኛ ጋር የሚሰማበት የአገው ምድር ነው፤ በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ ከነገሡ በኋላም፣ ከዛጉዬ ነገሥታት እንወለዳለን የሚሉ መኳንንት ዋግሹም በሚል ማዕረግ ለብዙ ዘመን ሲያስተዳድሩት ኖረዋል፤ ከእነርሱም ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዙፋን ተቀምጠዋል። ከከተማው ብዙ ሳይርቅ ከዐለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስም የአበው ጥበብ ምስክር ሆኖ እስከ ዛሬ ይቀደስበታል።

እኔን ወደዚህ ያመጣኝ ግን የሕፃናት ነገር ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ስም በሰየመው በሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማጥፋት ቃል ገብቷል፤ ሕፃን ከተፀነሰበት ዕለት አንሥቶ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባሉት 1000 ቀናት የሚገባውን ምግብ ካላገኘ፣ ቁመቱና አእምሮው የሚጎዱት ጉዳት በኋላ በሚመጣ ጥጋብ በቀላሉ አይካስምና።

በአበርገሌ የፍየል ወተት፣ የተከዜ ግድብ በፈጠረው ሐይቅ ዓሣ አለ፤ ይሁን እንጂ እዚህ ያነጋገርኳቸው እናቶች እንደ ነገሩኝ፣ ሕፃን ከጾም ነጻ መሆኑን ቢያውቁም፣ ወተትና እንቁላል የነካው ዕቃ የጾሙን ምግብ እንዳያረክስ ስለሚሠጉ፣ በጾም ወራት ለልጁ ለብቻው አያበስሉለትም። ለዚህ ሥጋት መድኃኒቱ ለሕፃኑ አንድ ድስትና አንድ ማማሰያ መለየት ነው፤ ነገር ግን ይህን የሚናገረው የጤና ባለሙያ ብቻ ሲሆን ምክር ሆኖ ይቀራል፤ ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ሲናገረው፣ አበ ነፍሱም ለነፍሰ ጡሯ በጾም መመገብን ሲፈቅድላት ግን የሕሊና ዕረፍት ይሆናል። ስለዚህ ሥራዬን ከካህናቱ ጋር በመመካከር ጀምሬያለሁ፤ ሃይማኖቱን አክብሮ ያልቀረበ ዕውቀት በዚህ አገር ደጅ እንደማይገባ አምናለሁና።

እናቴ ሆይ፣ እኛን ያሳደጉበትን የምጥን ገንፎ አሠራር በሚቀጥለው ደብዳቤ ይላኩልኝ፤ አባቴም ስለ ዋግ በሚወራበት ጉባኤ ሁሉ፣ ከረኃቡ በፊት መንግሥቱን፣ ከችግሩም ጋር ትጋቱን ያውሱልኝ።

ጸሎታችሁ አይለየኝ።

ልጃችሁ