በሁለት ወንድሞች መካከል ያለች እኅት

በምሥራቅ ሕንድ የባሕር ጠረፍ በምትገኘው በፑሪ ከተማ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ ከኒም እንጨት የተጠረቡ ሦስት የሂንዱ አማልክት ምስሎች አሉ። እነርሱም ጥቁሩ ጃጋናት፣ ነጩ ታላቅ ወንድሙ ባላባድራና በመካከላቸው ያለችው ቢጫዋ እኅታቸው ሱባድራ ናቸው። በሌሎች ብዙ መቅደሶች አምላክ ከሚስቱ ጋር ሲቀረጽ፣ እዚህ ጎን ለጎን የሚታዩት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

እንጨት ያረጃልና ከ8 እስከ 19 ዓመት ባለው ጊዜ ምስሎቹ በአዲስ ይተካሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ2015 ተተክተዋል። አሮጌዎቹ ሲቀበሩ፣ ዘመዶቻቸው ነን የሚሉ አገልጋዮች ራሳቸውን ተላጭተው ሐዘን ይቀመጣሉ።

የሌላ እምነት ተከታይ ወደ ውስጥ አይገባም። ሆኖም በየዓመቱ በሰኔ ወይም በሐምሌ ወር ወደ አደባባይ ሲወጡ ማንም ያያቸዋል። ሱባድራም እንደ ወንድሞቿ የራሷ ሠረገላ አላት። ሴት ልጅን ከወንድሞቿ አሳንሶ ለሚያይ ቤት ይህ እንጨት ትምህርት ነው።