አንተስ ምን ጠበቅህ?

በዚህ ገጽ ስለ መኪና ጥገና ስንጽፍ የመጀመሪያችን ነው። እኛ ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ፊዚክስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ ቁርኣን እናስተምራለን፤ መካኒክ አይደለንም። ይሁን እንጂ በ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ ደሴ በሚገኘው ግቢያችን፣ በአንዲት አሮጌ መኪና አጠገብ ተንበርክከን ያየነውን ለቤተሰብ ኃላፊዎችና ለወጣቶች ብናካፍል ይጠቅማል ብለን አመንን።

መኪናዋ አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የተዉልን በ1975 ዓ.ም. የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። እናታችንን በየሳምንቱ ኮምቦልቻ ወዳለችው እህታችን ቤት የምናደርሰው በእሷ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህ መንገድ በኪሎ ሜትር እንደማይለካ ያውቃል። ኩርባው ብዙ ነው፤ ከታች ደግሞ ከባድ የጭነት መኪኖች እያቃሰቱ ይወጣሉ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በዚሁ ቁልቁለት ስንወርድ፣ አስፋልቱ የተቦረቦረበት ኩርባ ላይ የመኪናዋ ኋላ እንደ ደነበረች በቅሎ ዘለለና ወደ መንገዱ መሐል ተንሸራተተ። ከፊታችን የሚወጣው ከባድ መኪና ጡሩምባውን ለቀቀው። አላህ አወጣንና መስመራችንን ያዝን። ልባችን ገና ሳይረጋ፣ ለማጽናናት ያህል «እማዬ፣ አብሽሪ፤ አላህ ይጠብቀናል» አልናቸው።

እናታችን ከኋላ ወንበር ሆነው፣ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ፣ «አላህማ ይጠብቃል ልጄ፤ አንተስ ምን ጠበቅህ?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ፈትቶ ይመካ እንደሆነ ለጠየቀው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሰጡትን ምላሽ ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ አስተምረናል! የራሳችን ግመል ግን ሳትታሰር ከርማለች።

ምልክቱ በፊታችን ነበር። የኋላ ጎማዎቻችን እዚህም እዚያም እየተቦረቦሩ ሲያልቁ ያማረርነው የጎማውን ጥራት ነበር። ከኋላ የሚሰማውን መንኳኳት «የአሮጌ መኪና ጠባይ ነው» እያልን አለፍነው። እናታችን ደግሞ ከኮምቦልቻ በተመለሱ ቁጥር ወገባቸውን ሲያሻሹ፣ ከዕድሜ የመጣ መስሎን ሽንፋ ፈልተን እንሰጣቸው ነበር። ቀስ እያለ የሚያልቅ ነገር ክፋቱ ይህ ነው፤ ሰው አብሮት ይለምደዋል።

ቤት እንደደረስን መካኒኮች የሚያደርጉትን ፈተና አደረግን። የመኪናዋን የኋላ ጥግ በሁለት እጅ ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ ነው። ጤነኛ መኪና አንዴ ተነሥታ ትረጋለች። የእኛዋ አራት ጊዜ ተናጠች። ጎንበስ ብለን ስናይ፣ አንዳንዱ አሞርዛተር ሌላው ሾክ አብዞርበር የሚለው የኋላው ዕቃ ዘይቱን አንጠባጥቦ፣ ዘይቱም አቧራ ለብሶ አገኘነው።

ብዙ ሰው የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው አሞርዛተሩ ይመስለዋል። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው። ሞላ ግን አንዴ ከተጨመቀ በኋላ መዝለሉን በራሱ ቶሎ አያቆምም። የአሞርዛተሩ ሥራ ይህን ዝላይ ማብረድ ነው። በውስጡ ዘይትና ፒስተን አለ፤ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ ያልፋል፤ የዝላዩ ኃይልም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዘይቱ ሲያልቅ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይዘላል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም፤ ኩርባ ላይም መስመሩን አይጠብቅም። ይህን ትምህርት በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ሞላ እየሣልን እናስተምረዋለን። በር ላይ ወደቆመችው መኪናችን ግን አንድም ቀን አልወሰድነውም።

ሁለት አሞርዛተሮች ስንገዛ ከወር ደመወዛችን የተረፈው ለጋራዥ አልበቃም። በመሆኑም ሥራውን ቅዳሜ ጧት በግቢያችን ለመሥራት ወሰንን። የሚፈቱትን ቡሎኖች ዐርብ ማታ ላምባ ቀባናቸው፤ ዝገት አንድ ሌሊት ላምባ ሲጠጣ ይላላል። በማግሥቱ ከ11 ዓመቱ ልጃችን ጋር ቢስሚላህ ብለን ጀመርን። መኪናዋን በክሪክ አንሥተን፣ አንዱን የኋላ ጎማ አውጥተን፣ ወደ ሥር ልንገባ ስንል ጎረቤታችን ሐጂ ደረሱ። እሳቸው ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ጥገና የጨረሱ፣ የአባታችንም ወዳጅ ናቸው።

«ኡስታዝ፣ ማንን አምነህ ነው የምትገባ?» አሉን።

«ክሪኩ ጠንካራ ነው ሐጂ» አልናቸው።

«ክሪክ ማንሻ ነው፤ ጠባቂ አይደለም» አሉና ስኮርታውንና የወጣውን ጎማ ከመኪናዋ ጠርዝ ሥር አስተኝተው አስገቡ። ለፊት ጎማዎቹም በግራም በቀኝም ታኮ አደረጉ። የደረደርነውን ብሎኬት ግን በእግራቸው ገፍተው፣ ብሎኬት በአንድ ጊዜ ፍርክስክስ እንደሚል ነገሩን። እውነቱን ለመናገር በልባችን «ሽማግሌ ፈሪ ነው» ብለን ነበር። አላህ ይማረን።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። አንድ ዳዶ ከእጃችን አምልጦ ወደ ውስጥ ተንከባለለ። ልጃችን እጁን ሰዶ አነሣውና ለእኛ ሊሰጠን ቀና አለ። በዚያችው ቅጽበት፣ የሌሊቱ ዝናብ ያራሰው መሬት ከክሪኩ እግር ሥር ከዳ፤ ክሪኩ ተጋደመ፤ መኪናዋም ድም ብላ በተኙት ጎማዎች ላይ ተቀመጠች። ግቢው ጸጥ አለ። ልጃችን ዳዶውን እንደጨበጠ ቆሟል። እነዚያ ሁለት ጎማዎች ባይኖሩ፣ እጁም ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ሳስበው አንልም፤ ማሰቡን እንሸሻለን። ሐጂ አንድም የወቀሳ ቃል ሳይናገሩ «ወደ ሲሚንቶው እናውጣት» ብቻ አሉ።

ሲሚንቶው ላይ፣ ሐጂ ከቤታቸው ባመጧቸው የብረት መደገፊያዎች እንደገና ጀመርን። ክሪኩን ከኋላ አክሰሉ ሥር አደረግነው። አሞርዛተሩ ሲፈታ አክሰሉ ወደ ታች ከወረደ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበትን ጎማ ቱቦ ይወጥራል፤ ሞላውም ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው አንዱን ወገን ጨርሰን ሌላውን የነካነው። የላይኛው ዳዶ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይገኛል፤ ሲፈታ ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር ልጃችን ጫፉን በፒንሳ ያዘልን። የታችኛው ቡሎን አክሰሉ ላይ ነው፤ ላምባው ሥራውን ሠርቶ ነበርና ብዙ አላስቸገረም።

አሮጌውን በእጃችን ስንጨምቀው እንደ ባዶ የብስክሌት መንፊያ ሰተት ብሎ ገባና እዚያው ቀረ። አዲሱን በሁለት እጅ ተጭነን ነው ያስገባነው፤ ስንለቀውም ቀስ ብሎ በራሱ ወጣ። ልጃችን ሁለቱን እያፈራረቀ ሲሞክር፣ በሰሌዳ ላይ በአንድ ክፍለ ጊዜ የማናስረዳውን በአንድ ደቂቃ ተረዳው። አንዱ ብቻ ቢያረጅ እንኳ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ፤ አለዚያ የመኪናው ግራና ቀኝ እኩል አይጓዝም። የታችኛውን ቡሎን የመጨረሻ ማጥበቂያ ያደረግነው መኪናዋ በጎማዎቿ ከቆመች በኋላ ነው። ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቀ፣ ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ሥራው ለዝሁር ሶላት ተጠናቀቀ።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን አንብባችሁ ወደ ፊተኛው አሞርዛተር እንዳትሄዱ አደራ እንላለን። እንደ እኛ ባሉ መኪኖች የፊተኛው ሞላ ተጨምቆ ከአሞርዛተሩ ጋር አንድ ላይ የታሰረ ነው፤ ያለ ሞላ መጭመቂያ የፈታው ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እሱን ለባለሙያ ተዉት። የቤተሰብ ኃላፊዎች ሆይ፣ በመኪናችን የሚሳፈር ሁሉ አማና ነው። የመኪናችሁን ጥግ ተጭናችሁ ለመልቀቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከኋላ የሚቀመጡትንም ጠይቋቸው፤ መሪውን የያዘ ሰው የማይሰማው ለእነሱ ይሰማቸዋል።

በተከታዩ ሐሙስ ሐረጎን ስንወርድ፣ ያን ኩርባ ዝግ ብለን አለፍነው። መኪናዋ አንዴ ዝቅ ብላ ረጋች። እናታችን ምን ይሉ ይሆን ብለን ብንጠብቅ ድምፅ የለም። በመስታወቱ አየናቸው። ሙስበሃቸው በእጃቸው እንዳለ፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።